ምች ነው እንጂ ጉንፋን አይደለም

ኅዳር በታጠነ በማግስቱ ጠዋት፣ በአንዲት የደጋ ከተማ ሆስፒታል፦ የበርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ እንጉዳይ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው የሆስፒታሉን ቀሚስ ለብሰው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማደንዘዣ የሚሰጣቸው ወጣቱ አንሙት ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፊታቸው ቆሟል።

እንጉዳይ፦ ማስነጠስ በሽታ ከሆነማ የበርበሬ ተራ ሰው ሁሉ ተጠራርጎ እዚህ ይተኛ! እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳስነጥስ ነው የኖርኩት።

አንሙት፦ በበርበሬ ተራ፣ አዎ። እዚህ ግን በርበሬ የለም፣ እትዬ እንጉዳይ።

እንጉዳይ፦ እኔ ካለሁ በርበሬ አለ። ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል እኮ ነው የምልህ። ይህን ቀሚስ አሁን ብታራግፈው ለአንድ ወጥ የሚበቃ ይወጣዋል።

አንሙት፦ ቀሚሱን የለበሱት አሁን ነው፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ።

እንጉዳይ፦ እንግዲያው ሳሙናችሁ ነው። ሽታው አፍንጫ ይበ... ይበ... ሃጥሽ!

አንሙት፦ ይማርዎ!

እንጉዳይ፦ ያኑርህ።

አንሙት፦ እኔስ እኖራለሁ። ያስጨነቀኝ የእርስዎ መኖር ነው።

እንጉዳይ፦ ሟርትህን ወዲያ በል! ዶክተሩ እጁን ታጥቦ እየጠበቀኝ፣ አንተ በር ላይ ኬላ ሆነህ ታቆመኛለህ።

አንሙት፦ ኬላ ነኝ እንጂ። ጭነቱን ሳልፈትሽ አላሳልፍም።

እንጉዳይ፦ ጭነቴ ይኸው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለመፈተሽ ማጎንበስም አያሻህም። ይልቅ የማን ልጅ ነህ አንተ?

አንሙት፦ የወይዘሮ ጥሩሰው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።

እንጉዳይ፦ ያቺ ደርባባዋ ጥሩሰው! ታዲያ ምን ያጣላናል? እናትህ በርበሬ የምትሸምተው ከእኔ አይደል?

አንሙት፦ ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነው።

እንጉዳይ፦ ...

አንሙት፦ ዝም አሉ።

እንጉዳይ፦ ጤነኛ ሰው ዝም አይልም? ከማንጠግቦሽ ጋር ታርቄአለሁ። እናትህ ብትፈልግ መደቧንም ጨምራ ትግዛት።

አንሙት፦ ታርቀዋል! እሳትና ጭድ ናቸው ሲባል ነው የሰማሁት። ለካ ለዚህ ነው።

እንጉዳይ፦ ምኑ ነው ለዚህ?

አንሙት፦ ምንም። አፍዎን ይክፈቱልኝ።

እንጉዳይ፦ አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል።

አንሙት፦ ለእኔ የሚታየኝ ጉሮሮ ነው። አአአ ይበሉ።

እንጉዳይ፦ አአአ... እህ! እህ! እህ!

አንሙት፦ በርበሬ መስሏል።

እንጉዳይ፦ ይኸው! በርበሬ ነው አላልኩህም?

አንሙት፦ መስሏል ነው ያልኩት። ሳሉስ?

እንጉዳይ፦ ሳሉማ የጭስ ነው። ትናንት ኅዳር ሲታጠን ጎረቤቴ የፍራሽ ገለባ፣ አሮጌ ላስቲክ ጫማ፣ የተቀደደ ጆንያ፣ ያላነደደው የለም። ጠዋት ታጥኜ ከሰዓት እዚህ ተኛሁ። የታጠነ ሰው ያስለዋል።

አንሙት፦ ማስነጠሱ የበርበሬ፣ ሳሉ የጭስ። ግንባርዎ እንዲህ የሚፋጀውስ?

እንጉዳይ፦ የአንተ እጅ ቀዝቅዞ ነው።

አንሙት፦ ድምፅዎ የጎረነነውስ?

እንጉዳይ፦ ከአንተ ጋር ስጨቃጨቅ።

አንሙት፦ መልስ አያጡም መቼም።

እንጉዳይ፦ ነጋዴ ነኛ። መልስ ያጣ ነጋዴ ገዢው ወደ ጎረቤት መደብ ይሄድበታል።

አንሙት፦ እንግዲያው ይህንንም ይመልሱልኝ። ይህ ሽታ ምንድን ነው?

እንጉዳይ፦ የምን ሽታ?

አንሙት፦ ከትራስዎ ሥር የሚመጣው።

እንጉዳይ፦ ሆስፒታል ደግሞ ምን ሽታ ይጠፋዋል!

አንሙት፦ ይህ የሆስፒታል አይደለም። የእናቴ ጓሮ ነው የሚሸተኝ። ትራሱን ላንሳው?

እንጉዳይ፦ የሴት ትራስ ሥር ይበረበራል? ነውር የሚባል ነገር አልነገሩህም?

አንሙት፦ ነግረውኛል። ስለዚህ ራስዎ ይንገሩኝ።

እንጉዳይ፦ ...ዳማከሴ ናት። አንድ ጭብጥ ብትሆን ነው። ማንን ገደለች?

አንሙት፦ ማንንም። ግን ዳማከሴ የሚታሸው ለጉንፋን ነው።

እንጉዳይ፦ ለምች ነው! ዳማከሴ ለምች ነው! እናትህ ጓሮ በቅሎ እያየኸው ይህ ይጠፋሃል?

አንሙት፦ አሃ። ምች መትቶዎታል ማለት ነው።

እንጉዳይ፦ ...

አንሙት፦ አሁንም እንደ ጤነኛ ሰው ዝም አሉ?

እንጉዳይ፦ አንተ ማደንዘዣውን ትተህ ጥብቅና ብትቆም ያዋጣህ ነበር። አዎ፣ ምች ቢጤ ጎሸም አደረገኝ። ታዲያስ? ትናንት ነርሷ «ጉንፋን ይዞዎታል ወይ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። አልያዘኝም አልኳት፣ በሚካኤል ምዬ፣ በገዛ በዓሉ ቀን። ቅንጣት አልዋሸሁም። ስለ ምች የጠየቀኝ ሰው የለም።

አንሙት፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?

እንጉዳይ፦ መች ደበቅሁ? ትራሴ ሥር አስቀመጥሁ እንጂ።

አንሙት፦ ሚካኤልንም አብረው ከትራሱ ሥር አስቀመጡት።

እንጉዳይ፦ ወግድ! ሚካኤል ምችና ጉንፋንን ይለያል። የማትለየው አንተ ነህ።

አንሙት፦ ይለዩልኝ እንግዲህ። ምች ምን ያደርጋል?

እንጉዳይ፦ ራስ ይፈልጣል። ያተኩሳል። አፍንጫ ያንጠባጥባል። ያስላል። አጥንት ይቆረጥማል።

አንሙት፦ ጉንፋንስ?

እንጉዳይ፦ ጉንፋንማ ራስ ይፈል... ያተኩ... አንተ! በነገር ትጠልፈኛለህ? ልዩነቱ ከመጣበት ነው። ጉንፋን ከሰው ይመጣል፤ ምች ከፀሐይ።

አንሙት፦ የእርስዎ ከፀሐይ ነው?

እንጉዳይ፦ ከፀሐይ ነዋ! እሑድ ዕለት ያን ሁሉ ጊዜ አናቴን ለፀሐይ ሰጥቼ ቆሜ።

አንሙት፦ የት ቆመው?

እንጉዳይ፦ ሰው ደጅ።

አንሙት፦ የማን ደጅ?

እንጉዳይ፦ ...የማንጠግቦሽ።

አንሙት፦ እዚህ ጋ ቁጭ ልበልና ይንገሩኝ።

እንጉዳይ፦ ዶክተሩ እየጠበቀ?

አንሙት፦ ዶክተሩ እኔ ሳልጠራው አይነሳም። ይንገሩኝ።

እንጉዳይ፦ ምን የሚነገር አለው። ቢላዋ ሥር የሚገባ ሰው ቂም ይዞ አይገባም፤ እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። ቀኔ ሲቆረጥልኝ ነጠላዬን አደግድጌ ቤት ለቤት ዞርኩ። «ብድንም ይቅር በሉኝ፣ ብሞትም ይቅር በሉኝ» እያልኩ። ለጎረቤቱ፣ ለዕድሩ ዳኛ፣ በሚዛን ለበደልኩት...

አንሙት፦ በሚዛን?

እንጉዳይ፦ መች ሚዛን አልኩ? በምላስ ነው ያልኩት። በምላስ ለበደልኩት ሁሉ። ሁሉም ይቅር አለኝ፤ ያለቀሰም አለ። በመጨረሻ ማንጠግቦሽ ቀረች። እኔና እሷን የሚለየን አንድ የሸራ ምሰሶ ነው፤ በቀኙ እኔ፣ በግራው እሷ። ግን አንድ የገበያ ቀን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ «እንጉዳይ በርበሬዋ ላይ ሸክላ ትፈጫለች» ብላ አዋረደችኝ። ከዚያ ወዲህ ምሰሶውን እንጂ እሷን አይቼ አላውቅም።

አንሙት፦ ይፈጩ ነበር እንዴ?

እንጉዳይ፦ አንተ!

አንሙት፦ ለሕክምናው ነው የምጠይቀው። የቀድሞ ታሪክ መጠየቅ ግዴታዬ ነው።

እንጉዳይ፦ ሸክላ አልፈጨሁም! ፍሬው ትንሽ በዝቶበት ይሆናል፤ ፍሬ ደግሞ ራሱ በርበሬ ነው። እና ደጇ ደርሼ ቆምኩ። እግሬ አደረሰኝ፣ እጄ ግን አላንኳኳም አለ። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳው፣ የጎረቤት ውሻ እንኳ መጮህ ሰልችቶት ሲተኛ፣ እኔ እዚያው። ኋላ ራሷ ከፈተችው። ምን ልበልህ! አንድ ቃል ሳልተነፍስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንቅርቴን እንኳ አልተጸየፈችም። ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ እንደገና ጉንጬን። ዓይኗ ደም መስሎ፣ እንባና ንፍጧ እንደ ክረምት ቦይ እየወረደ፣ ድምጿ ተዘግቶ «ይቅር» ማለት እስኪያቅታት በሳግ ታንቃ። ድንጋይም ይሟሟል ለካ አልኩ በሆዴ።

አንሙት፦ ታስል ነበር?

እንጉዳይ፦ ሳግ ነው እንጂ ሳል ነው?

አንሙት፦ ታስነጥስስ ነበር?

እንጉዳይ፦ እሷስ የበርበሬ ነጋዴ አይደለችም?

አንሙት፦ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማዋለች?

እንጉዳይ፦ እንደ አራስ። አንተ ከየት አወቅህ?

አንሙት፦ እህም።

እንጉዳይ፦ ምን «እህም» ትላለህ? ...ቆይ። ቆይ እስቲ። ማንጠግቦሽን ጉንፋን ይዟት ነበር ልትለኝ ነው?

አንሙት፦ እኔ ምን ወጣኝ?

እንጉዳይ፦ ያ ሁሉ እንባ? ያ ሁሉ ሳግ?

አንሙት፦ ጉንፋን ከሰው ይመጣል ያሉት እርስዎ ነዎት።

እንጉዳይ፦ አላለቀሰችልኝም ማለት ነው።

አንሙት፦ እንደሱ አላልኩም፣ እትዬ እንጉዳይ።

እንጉዳይ፦ አላለቀሰችልኝም። እኔ እኮ አልቅሻለሁ። የእውነቴን። በመንገድ ሁሉ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አልቅሼ ነው ቤቴ የገባሁት። ለካ እሷ አፍንጫዋን ስትጠርግብኝ ነው! ይቅርታዬን ወስዳ ጉንፋን ሰጠችኝ!

አንሙት፦ አሁን ጉንፋን አሉት።

እንጉዳይ፦ ምንም ልበለው! በል ተነሳ፣ አስገባኝና ልቆረጥ።

አንሙት፦ ዛሬ አይሆንም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ የሰማሁት ተረት ነበር፤ እርስዎ በእንቅርት ላይ ጉንፋን ይዘው መጡ።

እንጉዳይ፦ አይሆንም የምትለው አንተ ምን ቸገረህ? እኔ ከዚህ ሳልቆረጥ ብወጣ በምን ዓይኔ መደቤ ላይ ልቀመጥ? አገሩ ሁሉ ይቅር ያለኝ ቢላዋ ሥር ልትገባ ነው ብሎ ነው። ሳልገባ ብመለስ «እንግዲያው ይቅርታችንን መልሺ» ቢሉኝስ?

አንሙት፦ ይቅርታ ደግሞ ይመለሳል?

እንጉዳይ፦ ዕቃው ካልተነሳ ቀብድ ይመለሳል። ንግድ ስለማታውቅ ነው።

አንሙት፦ እርስዎን የያዘዎ ይሄ ብቻ ነው?

እንጉዳይ፦ ሌላ ምን አለ?

አንሙት፦ የአልጋውን ብረት ጨብጠው አልለቀቁትም።

እንጉዳይ፦ ርቦኝ ነው፤ ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ ከልክላችሁኝ። ...ደግሞም ፈርቼ ነው። ይኸው፣ ደስ ይበልህ። እዚህ ለመምጣት ስንት ክረምት ሳመነታ ኖርኩ መሰለህ? ሌሊት ስተኛ እንቅርቴ ጉሮሮዬ ላይ ይተኛብኛል፤ ተነስቼ ግድግዳ ተደግፌ ነው የሚነጋልኝ። ያም ሆኖ ከቢላዋው ግድግዳው ይሻላል እል ነበር። ድፍረቴን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ፣ እንደ ፈሰሰ ጤፍ፣ አንድ ቁና አደረስኩት። ዛሬ በእግርህ ከበተንከው ሁለተኛ አልለቅመውም። ከዚህ በር ከወጣሁ አልመለስም። ስማኝ፣ አልመለስም።

አንሙት፦ እኔም የምፈራው ይህን ነው። ጉንፋንዎ ይለቅዎታል፤ አልመለስም ማለትዎ ነው መድኃኒት የሌለው።

እንጉዳይ፦ ስለዚህ አስገባኝ።

አንሙት፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ከሥራዎ። እርጥብ በርበሬ ይፈጫል?

እንጉዳይ፦ ዘወር በል! እርጥብ በርበሬ ማን ወፍጮ ይከታል? ወፍጮውን ያንቀዋል። ቢፈጭም ይሻግታል።

አንሙት፦ ገዢዋ ቆማ «ዛሬውኑ ካልፈጨሽልኝ» ብትልዎስ?

እንጉዳይ፦ ፀሐይ ይምታው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ነይ እላታለሁ።

አንሙት፦ «ድፍረቴን ለቃቅሜ ነው የመጣሁት፣ አልመለስም» ብትልስ?

እንጉዳይ፦ የራሷ ጉዳይ! የቸኮለ አፍስሶ ለ... አንተ ተንኮለኛ።

አንሙት፦ እርስዎም ዛሬ እርጥብ ነዎት።

እንጉዳይ፦ እኔን ከዛላ ጋር!

አንሙት፦ ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል ያሉኝ እርስዎ። አሁን ሳልቀልድ ልንገርዎ። ሳስተኛዎ በራስዎ አይተነፍሱም፤ በጉሮሮዎ ቱቦ አስገብቼ እኔ ነኝ የምተነፍስልዎ። ወፍጮ ቤት በርበሬ ሲፈጭ ያልለመደ ሰው ቢገባ ጉሮሮው ምን ይሆናል?

እንጉዳይ፦ ቀጥ ይላል። አንድ ጊዜ የወረዳው ሹም ገብቶ በሰው ትከሻ ነው የወጣው።

አንሙት፦ ጉንፋን የያዘው ጉሮሮ ሁሌም ወፍጮ ቤት እንደገባ ነው። ተቆጥቷል። ቱቦው ሲነካው ድርግም ብሎ ሊዘጋብኝ ይችላል። ሹሙ በሰው ትከሻ ወጣ፤ እርስዎን ወዴት ላውጣዎት? አክታውም አለ፤ የነቃ ሰው ስሎ ይተፋዋል፣ የተኛ ሰው ግን ወደ ሳንባው ያወርደዋል።

እንጉዳይ፦ ከነቃሁ በኋላ እስለዋለሁ።

አንሙት፦ አንገትዎ ተሰፍቶ? በሳሉ ቁጥር ስፌቱ ይሳባል። ቢደማ ደግሞ ደሙ ወደ ውጭ አይፈስም፤ እዚያው ውስጥ ተጠራቅሞ ጉሮሮዎን ያንቃል። በዚያ ላይ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው አለ። እሱ ምች ነው።

እንጉዳይ፦ ይኸው! በራስህ አፍ ምች አልከኝ!

አንሙት፦ የሳንባ ምች።

እንጉዳይ፦ ሳንባ ደግሞ ምን ምች አለው?

አንሙት፦ እሱ ከፀሐይ አይመጣም። ዳማከሴም አይመልሰውም።

እንጉዳይ፦ ዝም ብለህ ታስፈራራኛለህ። ጉንፋን ሰው ሲገድል የት ታየ?

አንሙት፦ ትናንት ጠዋት ለምን ታጠኑ?

እንጉዳይ፦ ኅዳር ነዋ።

አንሙት፦ ኅዳር ለምን ይታጠናል?

እንጉዳይ፦ ለዚያ ለክፉው ነዋ፣ ለኅዳር በሽታ። አያቴ ከእናቷ ሰምታ ስትነግረን፣ ቀባሪ ጠፍቶ ሰው በየቤቱ ቀረ ትል ነበር። ቆሻሻውን አንድደን በጭስ የምንሸኘው እሱን ነው።

አንሙት፦ ምን ዓይነት በሽታ ነበር?

እንጉዳይ፦ የኅዳር በሽታ ነዋ፣ አልኩህ እኮ።

አንሙት፦ የጉንፋን ታላቅ ወንድም ነው። ኢንፍሉዌንዛ ይባላል። ራስ ፈለጠ፣ አተኮሰ፣ አሳለ፣ ከዚያ ሳንባ ውስጥ ገባ።

እንጉዳይ፦ ጉንፋን ነው በለኛ!

አንሙት፦ ወንድሙ ነው አልኩ። የእርስዎ ታናሹ ነው፤ ትኩስ ነገር ጠጥተው ቤትዎ ቢተኙ ራሱ ይሄዳል። ማደንዘዣና ቢላዋ ሲጨመሩበት ግን የታላቁን ሥራ ይሠራል። እኛ እኮ ስም እየለወጥንለት ነው። አያቶቻችን የኅዳር በሽታ አሉት፤ እርስዎ ምች አሉት። እሱ ስሙን ማን ብለው እንደጠሩት አይሰማም።

እንጉዳይ፦ ...አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። አስተኝተህ ሳታነቃኝ ልትቀር ትችላለህ?

አንሙት፦ ማስተኛትማ የሰፈራችን የኔታም በስብከታቸው ያስተኛሉ። የእኔ ሙያ ማንቃት ነው። የማነቃዎ መሆኔን ልቤ ሳያምን አላስተኛዎትም።

እንጉዳይ፦ መቼ ነው ልብህ የሚያምነው?

አንሙት፦ ሳሉ ፈጽሞ ጠፍቶ ሳንባዎ ሲረጋ። ወር ገደማ ይጠብቁ። ማስነጠስዎን እንደሰማሁ ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ፤ እንቅርቱ አንድ ወር ቢቆይ የከፋ ነገር አያመጣም፤ ተራዎንም ይጠብቅልዎታል። እስከዚያ ትራስ ከፍ አድርገው ይተኙ፤ ትንፋሽ እምቢ ካለዎ ግን ቀን አይቁጠሩ፣ ሮጠው ይምጡ። ከሆነልን ለጥምቀት አንገትዎን በነጠላ ሳይሸፍኑ ይወጣሉ።

እንጉዳይ፦ አንተ አፍህ ቅቤ ነው። አልመለስም አልኩህ እኮ። ወር ሙሉ ብቻዬን ስፈራ ልክረም? ልጆቼ እንደሆኑ ሩቅ ናቸው። ትናንትም ብቻዬን መጣሁ፤ ደም የሚሰጥ ዘመድ አለሽ ወይ ሲሉኝ የለኝም ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እሱም ለእንቅርቴ አልተመቸም። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ የለም።

አንሙት፦ የለም?

እንጉዳይ፦ ማን አለ?

አንሙት፦ እንግዲያው ዛሬ ጠዋት ደም መስጫው በር ላይ ያየኋት ሴትዮ ማን ናት? ነጠላዋን እንደ አራስ ጭንቅላቷ ላይ የጠመጠመችው?

እንጉዳይ፦ ማን?

አንሙት፦ እናቴ በርበሬ የምትሸምተው ከእሷ ነው።

እንጉዳይ፦ ማንጠግቦሽ? እዚህ? ምን ልታደርግ?

አንሙት፦ «ለእንጉዳይ ደም ልሰጥ ነው፣ እህቷ ነኝ» ብላ መጣች።

እንጉዳይ፦ እህቷ አለች?

አንሙት፦ እህቷ። ግን መለሷት።

እንጉዳይ፦ እህቴ አይደለችም ብላችሁ?

አንሙት፦ ጉንፋን ይዟት። ጉንፋን ያለበት ሰው እስኪሻለው ደም አይወሰድበትም።

እንጉዳይ፦ አየህ! ጉንፋን ነው። ከመጀመሪያውም ጉንፋን ነበር። ተወኝ በቃ።

አንሙት፦ የደም መስጫዋ ነርስ «ጉንፋን ይዞሻል?» ስትላት ምን ብላ እንደመለሰች ልንገርዎ?

እንጉዳይ፦ ምን አለች?

አንሙት፦ «ጉንፋን አይደለም፤ ምች ነው» አለች።

እንጉዳይ፦ ...አለች?

አንሙት፦ በሚካኤል ምላ።

እንጉዳይ፦ ውሸታም! እህ! እህ! ...ኧረ አታስቀኝ፣ ሳሌ ተነሳ። ደሟን ልትሰጠኝ በሚካኤል ዋሸች?

አንሙት፦ አልዋሸችም። ምች ሌላ፣ ጉንፋን ሌላ፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ነርሷ እሺ ስላላለቻት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ሳልፍ አፍንጫዋን ጠርጋ ጨርሳ ነበር። ያን ጊዜ የምትጠርገው ዓይኗን ነው።

እንጉዳይ፦ ዓይኗን ነው? ደህና አድርገህ አይተሃል?

አንሙት፦ የሰው ዓይን ማየት ሥራዬ ነው።

እንጉዳይ፦ ...

አንሙት፦ ይህኛው ዝምታ የጤነኛ ሰው አይመስልም።

እንጉዳይ፦ ዝም በልና ሶፍት አቀብለኝ። የበርበሬው ነው።

አንሙት፦ እሺ፣ የበርበሬው ነው። ይኸው።

እንጉዳይ፦ ሲሻላት ይወስዱላታል ደሟን?

አንሙት፦ ሲሻላት ይወስዱላታል። እስከዚያ እርስዎም ይደርቃሉ።

እንጉዳይ፦ የማንጠግቦሽ ደም እኔ ውስጥ ሊዞር?

አንሙት፦ የእሷ ደም ባንክ ይገባል፤ በእሱ ምትክ ለእርስዎ የሚስማማው ይወጣል። የእሷ ለሌላ ሰው ይደርሳል።

እንጉዳይ፦ ያ ምስኪን ደግሞ ምን በደለ? በደንብ አጣሩለት፣ ሸክላ እንዳይኖርበት።

አንሙት፦ አሁንም ደረጃው ላይ ናት። ልጥራት?

እንጉዳይ፦ ቀሚሴን መጀመሪያ አምጣልኝ፤ በዚህ ሸማኔ በጠላው ጨርቅ አታየኝም። ደግሞ ሮጣ ልትስመኝ ነው።

አንሙት፦ ዛሬ መሳሳም የለም። በሩቁ እጅ መንሣት ብቻ።

እንጉዳይ፦ እንግዲያው አንተው ንገራት። ወሩ ሲሞላ እሷ ክንዷን፣ እኔ አንገቴን ይዘን አብረን እንመጣለን በላት። ይቅርታው እንዳለ ነው፤ ጉንፋኗን ግን ዛሬውኑ መጥታ ትውሰድልኝ።